«ተቀብያለሁ» ያለ ሰርቨር ዕዳ፦ ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎች በዌብ ኤፒአይ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይናው ታይዩአን የማምጠቂያ ማዕከል የተነሣችው ኢትአርኤስኤስ-1 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። የምድር ጣቢያዋ የተተከለው ከአዲስ አበባ በላይ፣ በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት የተሠራችው ከምድር በ628 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንድትዞር ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ሳተላይት አንድ ዙር ለመጨረስ 97 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ጣቢያ አናት ላይ ሲያልፍ ግን ከአድማስ እስከ አድማስ የሚቆየው ቢበዛ 13 ደቂቃ ገደማ ነው። ጣቢያው ትእዛዝ የሚልከውም ምስል የሚያወርደውም በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ኮተቤ የሚገኝ አንድ ተመራማሪ ከየካ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለውን ደን የሚያሳይ አዲስ ምስል ከእንዲህ ያለ ሳተላይት በዌብ ኤፒአይ ጠየቀ እንበል። ሳተላይቱ እስኪመጣ መጠበቅ አለ፤ ትእዛዝ መላክ፣ ምስሉን ማንሣት፣ ማውረድ፣ ከዚያም የቀለሙንና የአቀማመጡን መዛባት ማረም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደግሞ ጋራው ደመና ለብሶ ስለሚሰነብት፣ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ካሜራ ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ የኢንተርኔት ግንኙነት ከፍቶ የሚጠብቅ ሰርቨር የለም።

ጥያቄው የጠፈር ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። መገናኛና ሲኤምሲ አካባቢ ሶፍትዌር የሚጽፍ ወጣትም በትንሹ ይገጥመዋል፦ የብዙ ሺህ ሠራተኞች የደመወዝ ስሌት፣ የዓመት የሒሳብ ሪፖርት በፒዲኤፍ፣ የቪዲዮ ማመቅ፣ ለደንበኞች በጅምላ የሚላክ አጭር መልእክት። መሣሪያው ብዙ ስለሆነ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያ ምርጫ ላይ ያልቃል። የዚህ ዳሰሳ አቋም ግን ጉዳዩ ከመሣሪያ በፊት የኃላፊነት ነው የሚል ነው። ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ» ካለበት ቅጽበት ጀምሮ ሦስት ዕዳ አለበት፦ ሥራውን አለማጥፋት፣ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ አለመሥራት፣ ሥራው የደረሰበትን አለመደበቅ። ያሉትን መንገዶች ሁሉ የምመዝነው በእነዚህ ሦስቱ ነው።

ይዞ መጠበቅ የማያዛልቀው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የገደብ ጉዳይ አለ። በጠያቂውና በፕሮግራሙ መካከል የሚቆሙት ሶፍትዌሮች ትዕግሥታቸው አጭር ነው። ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር ከኋላው ካለው ሰርቨር 60 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ግንኙነቱን ይቆርጣል። በፓይተን ዓለም የተለመደው ጉኒኮርን ደግሞ 30 ሰከንድ ዝም ያለበትን ወርከር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራውን ፕሮሰስ፣ ይገድለዋል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ችግሩ ግን እዚያ አያበቃም።

ሁለተኛው የአቅም ሒሳብ ነው። ዴንማርካዊው ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. በስልክ ጥሪዎች ላይ የጀመረው፣ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀላል ሕግ ያረጋገጠው የወረፋ ጥናት የሚለን ግልጽ ነው፦ በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ብዛት፣ በሰከንድ የሚገቡት ጥያቄዎች እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዙ የሚገኘው ነው። 16 ወርከሮች ያሉት ሰርቨር እያንዳንዱን ሪፖርት በ8 ሰከንድ የሚሠራ ከሆነ በሰከንድ ከ2 በላይ አያስተናግድም። በሰከንድ 5 ቢመጡ በየደቂቃው 180 ጥያቄ ይከማቻል። ሪፖርት ያልጠየቀው፣ የይለፍ ቃሉን ብቻ አስገብቶ ሊገባ የፈለገው ሰውም ከእነሱ ኋላ ይቆማል። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የምንሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ እንዲህ ባለ መጨናነቅም ይመጣል፤ ማሽኑ በርቶ፣ መስመሩ ኖሮ፣ ወርከሮቹ ሁሉ በረጅም ሥራ ተይዘው።

ሦስተኛው የእኛ ነው። በሞባይል ዳታ የሚጠይቅ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ከላምበረት ወደ መገናኛ ሲሄድ ኔትወርኩ ይቆራረጥበታል። ሰርቨሩ ሥራውን ጨርሶ መልሱን ቢልክ እንኳ የሚቀበለው ላይኖር ይችላል። ሰውየውም መልስ ሲያጣ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። በዚህ ጊዜ ያው ሥራ ሁለት ጊዜ ይጀመራል።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ያለ የሀገር ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ጥበቡ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አያስቆመውም። ልኩን ይወስዳል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ቀን ይቆርጣል። የኤችቲቲፒ ደንብም ይህንኑ አሠራር ገና ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቀዋል፤ 202 የሚባለው የመልስ ቁጥር ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል፣ ሥራው ግን አላለቀም ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ደንብ እትም፣ አርኤፍሲ 9110፣ ግን አንድ ነገር ሳይሸሽግ ይናገራል፦ 202 ሆነ ተብሎ ምንም ግዴታ እንዳይገባ የተደረገ መልስ ነው። ሥራው ኋላ ላይ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ደንቡ የሚመክረው መልሱ ሥራው ያለበትን ሁኔታ እንዲገልጽና ሁኔታውን መከታተያ አድራሻ እንዲጠቁም ነው። ደረሰኙን የሚያስከብረው ደንቡ አይደለም፤ ኤፒአዩን የሚጽፈው ሰው ነው።

አንድ የተለመደ መደናገር

ብዙ ጀማሪዎች የፓይተንን አሲንክና አዌይት ሲያገኙ ጉዳዩ የተፈታ ይመስላቸዋል። እነዚህ ቃላት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቋንቋው ውስጥ አሉ፤ ጥቅማቸውም እውነተኛ ነው። አንድ ፕሮሰስ የዳታቤዝን ወይም የሌላ ሰርቨርን መልስ ሲጠብቅ ሌላ ጥያቄ እንዲያስተናግድ ያደርጉታል። ሥራው ራሱ ፕሮሰሰሩን የሚያደክም ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ምስል ማረም ወይም ትልቅ ስሌት ከሆነ፣ ሁሉን የሚያዟዙረው ሉፕ በዚያ አንድ ሥራ ይያዛል፤ ሌሎቹም ሁሉ ይቆማሉ። ከዚህም በላይ፣ ጠያቂው አሁንም መልሱን እየጠበቀ ነው። አሲንክ የሰርቨሩን ጊዜ ይቆጥባል፤ ደረሰኝ አይሰጥም፣ መብራት ሲጠፋም ሥራውን አያድንም።

ሥራው የት ይቀመጥ?

መንገዶቹን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ሥራውን በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ከመልሱ በኋላ ማስኬድ ነው። የፋስትኤፒአይ ባክግራውንድ ታስክስ እንዲህ ይሠራል። ሌላ ሶፍትዌር አይጠይቅም፣ በጥቂት መስመር ይጻፋል። ሥራው የሚኖረው ግን በፕሮሰሱ ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ አዲስ ኮድ ለመጫን ጠፍቶ ቢነሣ፣ መብራት ቢቋረጥ፣ ፕሮሰሱ ቢሞት ሥራው ከነደረሰኙ ይጠፋል። ቢጠፋ ማንም የማይጎዳበት ሥራ፣ ለምሳሌ የጉብኝት ቆጠራ፣ እዚህ ቢሆን ነውር የለውም። ክፍያና የደመወዝ ስሌት ግን እዚህ አይቀመጥም።

ሁለተኛው ራሱን ዳታቤዙን እንደ ወረፋ መጠቀም ነው። አንድ ሠንጠረዥ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ረድፍ ይሆናል፤ ወርከሮች እየመጡ ያነሣሉ። ሁለት ወርከር አንድ ረድፍ ላይ እንዳይጋጩ ፖስትግሬስ ከ9.5ኛው እትሙ፣ ማለትም ከጥር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስኪፕ ሎክድ የሚባል ትእዛዝ አለው፤ የተያዘውን ረድፍ አልፎ ቀጣዩን ይሰጣል። የዚህ መንገድ ትልቁ በረከት ትእዛዙና ሥራው በአንድ ትራንዛክሽን መመዝገባቸው ነው። ወይ ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ ወይ ሁለቱም አይመዘገቡም። በአገራችን ላሉ አብዛኞቹ መካከለኛ ሥርዓቶች ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ላሉት ቡድን የሚጠበቅ ተጨማሪ ሰርቨር የለውም።

ሦስተኛው ራሱን የቻለ የወረፋ ሶፍትዌርና ከእሱ የሚቀበሉ ወርከሮች ናቸው። ራቢት ኤምኪው በ2007፣ ሬዲስና የፓይተኑ ሰለሪ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጡ ሲሆን ዛሬም በሰፊው ይሠራባቸዋል። ፈጣን ናቸው፤ ወርከሮችን በሌላ ማሽን ላይ ማበራከትም ያስችላሉ። ነገር ግን ካልተነካካ ቅንብራቸው ውስጥ ያለውን ማወቅ ግድ ነው። ሰለሪ ሳይነገረው ሲቀር ሥራው መድረሱን የሚያረጋግጠው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ በመሃል መብራት ቢሄድ ወረፋው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ማረጋገጫው ከሥራው በኋላ እንዲሆን ቢደረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ወረፋው ሬዲስ ላይ ከሆነ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ያልተረጋገጠ ሥራ እንደጠፋ ተቆጥሮ ለሌላ ወርከር ይሰጣል። 2 ሰዓት የሚፈጅ ሪፖርት እንግዲህ ያለ ጥፋቱ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሬዲስ ራሱም እንደወረደ ሲጫን እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ በየተወሰነ ጊዜ ቅጂ ያነሣል እንጂ። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቅንብር ሳይታይ የሚታለፍ አይደለም።

አራተኛው ከባዱ ወገን ነው። ሊንክድኢን ሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሁሉም የከፈተው ካፍካ መልእክቶችን እንደ መዝገብ በተርታ ያስቀምጣል፤ ብዙ አንባቢ በየራሱ ፍጥነት ያነባቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቴምፖራል ደግሞ ብዙ ደረጃ ያለውን ረጅም ሥራ እርምጃ በእርምጃ እየመዘገበ፣ ከተቋረጠበት ያስቀጥላል። ሁለቱም ኃይለኛ ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸው ባለሙያ ግን ይፈልጋሉ። ወረፋው በቀን ጥቂት ሺህ ሥራ ብቻ ያለበት መሥሪያ ቤት እነዚህን መጫኑ ትርፉ ድካም ነው።

መልሱ እንዴት ይመለስ?

አንዱ መንገድ ጠያቂው በመታወቂያ ቁጥሩ እየተመላለሰ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የምድር ምስል የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። አውሮፓውያን እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ባሠሩት የኮፐርኒከስ ክፍት ማዕከል፣ ያረጀና ወደ ረጅም ጊዜ ማከማቻ የተዛወረ የሴንቲነል ምስል ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ 202 ነበር። ምስሉ ከማከማቻው እስኪወጣ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ጉግል ኧርዝ ኢንጅንም በስክሪን ላይ ወዲያው ለሚጠየቅ ስሌት የሚታገሠው 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የሚበዛውን ጠያቂው ራሱ ወደ ተግባር ዝርዝር አስገብቶ ከኋላ ያሠራዋል። መመላለስ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ጉዳቱ ብዙ ጠያቂ በየሰከንዱ ሲያንኳኳ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ «ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ ተመለስ» የሚለውን ሪትራይ-አፍተር በሚባለው የመልሱ ራስጌ መንገር አለበት።

ሁለተኛው ዌብሁክ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ጠያቂው ሰርቨር ይደውላል። የአገራችን የክፍያ ሥርዓቶች የቆሙት በዚህ ነው። ግንቦት 2013 ዓ.ም የተጀመረው ቴሌብር የክፍያውን ውጤት ነጋዴው በሰጠው የማሳወቂያ አድራሻ ይልካል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ በገባው ኤም-ፔሳ የክፍያ ጥያቄ ሲላክ የመጀመሪያው መልስ ጥያቄው መቀበሉን ብቻ ይናገራል፤ ደንበኛው ሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡ መተላለፉ የሚታወቀው ኋላ በሚመጣው ጥሪ ነው። ቻፓም ዌብሁክ አለው፤ ከዚያም ጋር ነጋዴው በራሱ የግብይት መለያ ቁጥር ክፍያውን ዳግመኛ የሚያጣራበት አድራሻ ይሰጣል።

ይህ የማጣሪያ አድራሻ ትልቅ ትምህርት አለው። ዌብሁክ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ሊዘገይ ይችላል፤ የነጋዴው ሰርቨር በጠፋበት ሰዓት መጥቶ ሊቀርም ይችላል። ሐሰተኛም ሊልከው ይችላል። ስለዚህ ፊርማውን ማረጋገጥ፣ ወዲያው መዝግቦ መልስ መስጠት፣ ከባዱን ሥራ ወደ ወረፋ መክተት፣ ውጤቱ ያልታወቀውን ክፍያ ደግሞ በየጊዜው ራስ ሄዶ ማጣራት ግዴታ ነው። በዌብሁክ ብቻ የተማመነ ሱቅ አንድ ቀን ከፍሎ ዕቃ ያልደረሰው ደንበኛ በሩ ላይ ያገኛል።

ለእኛ ሦስተኛም አለ፦ አጭር የጽሑፍ መልእክት። ዳታ ያልከፈተ ሰውም መልእክቱ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ለሕዝብ አገልግሎት የመጨረሻው የማሳወቂያ መንገድ እሱ ነው።

ፋይዳ፦ የዚህ ጥያቄ ሙሉ ማሳያ

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የተገነባው በህንድ ቤንጋሉሩ በ2018 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የዚህ ሶፍትዌር አሠራር በይፋ የሚታይ ስለሆነ ትምህርቱ ለማንም ክፍት ነው።

መዝጋቢው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። ሁሉም በአንድ የተመሰጠረ ጥቅል ይታሸጋል፤ ተመዝጋቢው የምዝገባ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። የምዝገባው ሶፍትዌር ኔትወርክ በሌለበት ቦታም እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ጥቅሉ መስመር ሲገኝ ይላካል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከኋላ ይሠራል፦ የጥቅሉ ትክክለኛነት ይጣራል፣ የመረጃው ጥራት ይታያል፣ ስምና የልደት ቀን ይነጻጸራል፣ አሻራው ቀደም ብለው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይመሳከራል፣ በመጨረሻ ቁጥሩ ይወጣል። ደረጃዎቹ አንዱ ለሌላው መልእክት እየሰጠ ይቀባበላሉ።

ማመሳከሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ሒሳቡ ይነግረናል። 1 ሚሊዮን ሰዎችን እርስ በርስ ለማስተያየት 500 ቢሊዮን ያህል ንጽጽር ይጠይቃል። ብልህ የመደርደር ዘዴዎች ይህን በእጅጉ ይቀንሱታል፤ ቢሆንም መዝገቡ ባደገ ቁጥር የአዲሱ ሰው ምርመራ ይከብዳል። በሁለት ሰዎች መካከል የሚያጠራጥር መመሳሰል ሲገኝ ደግሞ ሥራው ቆሞ የሰው ዓይን ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም ግንኙነት ይዞ ሊጠብቀው አይችልም። በሦስቱ ዕዳዎች ሲመዘን ንድፉ ያስተምራል፦ ጥቅሉ ከመላኩ በፊት በማሽኑ ላይ ይቀመጣል፣ የምዝገባ ቁጥሩ አንዱን ከሌላው ይለያል፣ ደረሰኙም መከታተያ ይሆናል።

ሥራ እንዳይጠፋ፣ እንዳይደገም

የተከፋፈለ ሥርዓት አንድ የማያመልጠው እውነት አለው፦ ላኪው መልስ ካጣ፣ ሥራው አልደረሰም ወይስ መልሱ ጠፋ የሚለውን ሊያውቅ አይችልም። ያለው ምርጫ ወይ ደግሞ መላክ ነው፣ ወይ መተው። መተው ሥራ ያጠፋል፤ መድገም ሥራ ይደግማል። ጥንቁቅ ሥርዓት መድገምን መርጦ ድግግሞሹን እንዳይጎዳ ያደርገዋል። ጠያቂው ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን መለያ ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ያንን መለያ በዳታቤዝ ላይ እንዳይደገም አድርጎ ይመዘግባል፤ ያው መለያ እንደገና ቢመጣ የፊተኛውን ደረሰኝ መልሶ ይሰጣል።

ወረፋው ከዳታቤዙ የተለየ ከሆነ ሌላ ስንጥቅ አለ። ትእዛዙ ተመዝግቦ ወረፋ ሳይገባ መብራት ቢጠፋ፣ ትእዛዙ አለ፣ ሥራው የለም። መፍትሔው የሚላከውን መልእክት ከትእዛዙ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን በመሸኛ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍና ሌላ ፕሮሰስ ከዚያ እያነሣ ወደ ወረፋው እንዲልክ ማድረግ ነው።

ያልተሳካ ሥራ ሲደገምም ስልት ይፈልጋል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ቢነሣ የተነሣው ሰርቨር መልሶ ይወድቃል። ስለዚህ የመጠበቂያው ጊዜ በየሙከራው እጥፍ ይሁን፣ በትንሽ የዘፈቀደ ልዩነትም ይበተን። ደጋግሞ የወደቀው ሥራ ወረፋውን እንዳይዘጋ ወደ ሌላ ሣጥን ይውጣ፤ ያንን ሣጥን በየቀኑ የሚከፍት ኃላፊነት ያለው ሰው ይመደብ። ማንም የማይከፍተው ሣጥን ሥራ የሚቀበርበት ቦታ ነው።

ምን ይቀረናል?

ሁሉንም ነገር ወደ ወረፋ መክተትም ጥበብ አይደለም። በሰከንድ ክፍልፋይ የሚያልቅ ሥራ ወዲያው ይሠራና መልሱ ይሰጥ፤ ወረፋ ሲጨመር የሚጠበቅ፣ የሚስተካከልና የሚከታተሉት ነገር ይጨመራል። ጊዜው ከጥቂት ሰከንድ የሚዘልቀውን፣ ወይም ርዝመቱ አስቀድሞ የማይታወቀውን ግን ያለ ማመንታት ማስወጣት ተገቢ ነው።

ከቴክኒኩ በላይ የሚያሳስበኝ ልማዱ ነው። አብዛኛው ትምህርት ሥራውን ወደ ኋላ መግፋትን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ይተወዋል። በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ፕሮግራሚንግ የሚማር ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ሲያቀርብ፣ መምህሩ ወርከሩን በመሃል ገድሎ ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ የሚበልጥ ነገር ያስተምረዋል። በየድርጅቱም የሚለካው የወረፋው ርዝመት ብቻ መሆን የለበትም፤ በወረፋው ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የቆየው ሥራ ዕድሜ ከየትኛውም ቁጥር በፊት ሊታይ ይገባል። አንድ ሺህ ሥራ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ አያስፈራም፤ ከትናንት የቆየ አንድ ሥራ ግን ያለ መልስ የቀረ አንድ ሰው ነው።

ለሕዝብ አገልግሎት የሚከፈት ኤፒአይ ሁሉ ከመከፈቱ በፊት አምስት ነገር በጽሑፍ ይመልስ፦ ደረሰኙ ምን ቁጥር አለው? ሥራው መብራት ቢጠፋ የት ይገኛል? ጥያቄው ቢደገም ምን ይሆናል? ጠያቂው ያለበትን ደረጃ በምን ያውቃል? እስከ መቼስ ይጠብቃል? እነዚህን የመለሰ ቡድን በሬዲስ ቢሠራ፣ በፖስትግሬስ ቢሠራ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ያልመለሰ ቡድን ግን የፈለገውን መሣሪያ ቢገዛ፣ ሰውን በመስኮት ላይ ከማቆም ወደ ስልኩ ላይ ማቆም ብቻ ነው የቀየረው። የዜጋውን ክፍያ፣ መታወቂያና ደመወዝ በእጁ የያዘ ባለሙያ «ተቀብያለሁ» ሲል በስሙ እንደፈረመ ይቁጠረው።